ጉልቻውን ነቅላ ያወጣች ሴት

እትዬ ሐዋ ማረፏን የሰማሁት ደሴ ላይ፣ ለሱቄ አምፖልና ሶኬት ስገዛ ነው። የደወለችልኝ ባለቤቴ ናት። «እትዬ ሐዋ አረፈች» አለችኝ። ያለቀስኩት ቆይቼ ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። እሷ እንዲህ በቀላሉ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ከሞት ጋርም ቢሆን እጅጌዋን ሰብስባ ሳትከራከር ትሄዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ ሚኒባሱ አቀስታን አልፎ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መስኮቱን ሊገፋው ታግሎ ሲያቅተው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ «የዚህ አገር ብርድ እንግዲህ ምን ይደረግ» አለኝ። ሳላስበው ፈገግ አልኩ። እትዬ ሐዋ እዚያ ብትኖር ኖሮ ያ ሰው እስኪወርድ ድረስ አትለቀውም ነበር። «ምን ይደረግ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነበር የምትሰማው። «ምን ይደረግ ያለ ሰው ምንም አላደርግም ማለቱ ነው፤ ደፍሮ መናገር አቅቶት ነው» ትል ነበር።

የእማማ ፋጤ ልጅ ናት። ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ነው። ገና በወጣትነቷ ሳዑዲ ሄዳ፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበት ተመለሰች። የሠራችው እንደሌሎቹ ጅዳ ወይም ሪያድ አይደለም፣ አብሃ የሚባል አገር ነው። አብሃ ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ጉም ይወርድበታል፣ ሰዉ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ይህን ስትናገር ሰፈሩ አያምናትም። «ዓረብ አገርና ብርድ?» ይሏታል፤ እሷም «ሄዳችሁ እዩት» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ልትከራከር ስትል መጀመሪያ የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። ያቺ እጅጌ ከተሰበሰበች ቀበሌም ሆነ የዕድር ዳኛ ወንበሩን አመቻችቶ መቀመጥ ነበረበት፤ ነገሩ ቶሎ አያልቅም። በዕድሜ ትበልጠኛለችና መጀመሪያ አካባቢ «አንቱ» እላት ነበር። «ተው መኮንን፤ አንቱ ስትለኝ ከእናቴ እኩል ታደርገኛለህ። ለመጦር ገና ጊዜ የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» አልኳት፣ እሷም ወንድሜ አለችኝ።

ስትመለስ እናቷን ያገኘቻቸው በሳል ተይዘው ነው። እማማ ፋጤ ከዋናው ክፍል መሐል ምድጃ ነበራቸው። ወጡም የሚሠራው፣ ቤቱም የሚሞቀው፣ እንግዳም የሚቀመጠው እዚያች ሦስት ጉልቻ ዙሪያ ነው። ማታ ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ ጠዋት ይገለጣል። ብርዱ ሲከፋ ደግሞ ከአልጋቸው አጠገብ የከሰል ማንደጃ ይጨመራል። ጎረቤቱ ክብሪት እያለውም እሳት የሚጭረው ከእሳቸው ቤት ነበር፤ በዚያው ሰላምታ ይሰጣል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ የታመመ ይጠየቃል። ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። ሳላቸውን እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ።

እትዬ ሐዋ ደሴ ወስዳ አሳከመቻቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው በጭስ መጎዳቱን ነገራት። ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይረዳቸው፣ ብርድም እንዳይመታቸው አስጠነቀቃት። እንግዲህ አስቡት። በእኛ አገር ብርዱን የሚያባርረው ያው ጭሱ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ውርጩ ይገባል፣ ውርጩን ስታስወጣ ጭሱ ይሞላል። ሰው ሁሉ አዘነላትና «ምን ይደረግ» አላት።

ሱቄ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

«ወፍራም የመብራት ገመድ አለህ?» አለችኝ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለኤሲ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «እትዬ ሐዋ፣ ለመካነ ሰላም ኤሲ? በረዶ ልትነግጂ አሰብሽ እንዴ?»

«ሳቅህን ጨርስና ስማኝ» አለች። ባንኮኒው ላይ ተደገፈች። «አብሃ የማስታምማቸው አሮጊት ክፍል ውስጥ ነበር። በበጋ ያቀዘቅዛል፣ ብርድ ሲገባ ያሞቃል። ማሽኑ አንድ ነው። እንጨት የለ፣ ከሰል የለ፣ ጭስ የለ።»

«ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?»

«ከውጭ።»

«ውጭውማ ራሱ ብርድ ነው።»

«ብርድ ውስጥም እኮ ሙቀት አለ፤ ትንሽ ትንሽ። እሱን እየለቀመ ነው የሚያስገባው።» እንዳልገባኝ ከፊቴ አየችና ጥግ ላይ ያለውን የለስላሳ ፍሪጄን አሳየችኝ። «የፍሪጅህን ጀርባ ነክተህ አታውቅም? ይሞቅ የለም? እኔ እንግዲህ የፍሪጁን ሆድ ለውርጩ ሰጥቼ ጀርባውን ወደ እናቴ አዞርኩት በለው።»

ገመዱን ቆርጬ ሰጠኋት። አሁንም አላመንኳትም፤ ገመዱን መሸጥ ግን ሥራዬ ነው።

ማሽኑን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና አመጣችው። ሲወርድ መናኸሪያ የነበረ ሁሉ ከበባት። «ሐዋ ብርድ አንሷት ከአዲስ አበባ ጭና መጣች» የሚለው ቀልድ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። እሷ ዓይኗን በጨው አጥባ በመሐላቸው አለፈች። ከኮምቦልቻ ባለሙያ አስመጣች፤ አንዱ ሳጥን ከውስጥ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ትልቁ ሳጥን ከውጭ በኩል ተሰቀለ። መብራታችን ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ጨመረችበት። ኮርኒስ አስመታች፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ አስመረገች፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈነች።

የቀረው ምድጃው ነበር። ያን ቀን ገመዱን ላያይዝ እዚያው ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሐዋ፣ ይኼን ጉልቻ እናቴ ናት የተከለችው» አሉ እማማ ፋጤ።

«አውቃለሁ እማ። እሷም በሳል ነው የሞተችው።»

«እሳት የሌለው ቤት ማን ይመጣበታል?»

«የሚወድሽ ይመጣል።»

«እሳት ሊጭር የሚመጣውስ?»

«ክብሪት ይግዛ።»

ዶማውን አንስታ ጉልቻዎቹን ነቀለቻቸው። አንድ በአንድ ታቅፋ ጓሮ ወሰደችና አዲስ በሠራችው ማድ ቤት ውስጥ ተከለቻቸው፤ ሰፊ መስኮትና የጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት ነው። ምግብ እዚያ ይሠራ፣ ሰው እዚህ ይኑር ነው ሐሳቧ። በእኛ ዘንድ ግን ጉልቻ የሚነቀለው ቤት ሲፈርስ ነው። ወሬው በዚያው ቀን ከተማውን ዞረ፤ የእናቷን ቤት በቁማቸው አፈረሰች ተባለ። አንዳንዱ «ዓረብ አገር ያበላሻት ልጅ» አላት፣ አንዳንዱ ያረቢ ብሎ አማተበ። በመካነ ሰላም ሁለቱን ደርቦ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ማሽኑ ሠራ። ክፍሉ ሞቀ። እማማ ፋጤ ግን አልገቡም።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ መስኮቱን ዘግተው፣ ጉልቻው ሥር ኩርምት ብለው መዋል ጀመሩ። ለመኝታ ብቻ ይገባሉ፤ ያኔም ማሽኑን እንዳያዩ ይከናነባሉ። ጥል የለ፣ ቁጣ የለ። ሳሉ ባሰባቸው። ሰዉም «የሐዋ ማሽን ባዶ ቤት ያሞቃል» እያለ ይሳለቅ ነበር። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ብዙ ቆየች።

«ያን ያህል ዓመት የሰው እናት ሳስታምም ኖርኩ» አለችኝ። «ያገላበጥኳቸው፣ ያጠብኳቸው፣ ክፍላቸውን ያሞቅኩላቸው እኔ ነኝ። የራሴ እናት በእጄ ላይ ጭስ እየጠጣች ትሙት?»

«ምን…» ብዬ ልጀምር ስል አየችኝ፤ የቀረውን ዋጥኩት።

በዚህ ላይ ጋሼ ይመር መጡባት። ጋሼ ይመር በአጥር የሚዋሰኗቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ከግቢያቸው ጥግ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁባት መደብ አለቻቸው። ውጭ የተሰቀለው ሳጥን ፊቱ ወደዚያች መደብ ነበር። ማሽኑ ቤቱን ሲያሞቅ በውጭ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይተፋል። እንዴት እንደሚሠራ ለሰፈሩ ያስረዳችው ራሷ ስለሆነች፣ ጋሼ ይመር የሰሙትን ይዘው መጡ።

«ሐዋ፣ ይኼ ማሽንሽ የግቢዬን ሙቀት እየሰረቀ ነው» አሏት። «ከእኔ ጓሮ ለቅሞ ላንቺ ያስገባል፣ ብርዱን ለኔ ይተፋዋል። ለቅሞ ያልሽው አንቺው ነሽ።»

የሚገርመው ሐሰት አላሉም። እሷም አልካደችም። «አዎ ጋሼ፣ ይወስዳል» አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ግን ነፋሱ የእርስዎ ነው ያለው ማነው? በምን አጥረውት ነበር?»

ጋሼ ይመር ሽማግሌ ሰበሰቡ። ማሽኑ ከቦታው እንዲነሳ ነው የጠየቁት። እትዬ ሐዋ ደግሞ ከተነሳ የትም እንደማይሰቀል ታውቃለች፤ እናቷ አንድ ምክንያት ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ሽማግሌዎቹ አይሆንም ካሉ ጉልቻው በማግስቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሽምግልናው በራሷ ቤት ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ። ሰዓቱን የመረጠችው እሷ ናት። አመሻሹ ላይ ከተማው ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ ማሽኑም ይደክማል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ገና በቀን ቤቱን አሙቃ ትዘጋዋለች፣ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። እኔ ገመዱን ያያያዝኩ ሰው ስለሆንኩ እንድገኝ ተጠራሁ። ሼህ እንድሪስና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ዳኛ ተኮሳትረው ገቡ። ጥቂት እንደተቀመጡ አንደኛው ጋቢውን ከራሱ አወረደ። ሌላው ከትከሻው አወረደው። ሼህ እንድሪስ ካፖርታቸውን ሲፈቱ አየሁና ሳቄን ለመደበቅ ስታብላይዘሩን የምመረምር መሰልኩ።

ሼህ እንድሪስ ግን ነገሩን አልጀመሩም። «የቤቱ ባለቤትስ?» አሉ። በእርግጥም የቤቱ እመቤት እያሉ ያለእሳቸው ሽማግሌ አፍ አይከፍትም። እትዬ ሐዋ ጓሮ ሄደች። እናቷ በማሽኑ ቢቀየሙም ሽማግሌ ቤታቸው ተቀምጦ ጓሮ መዋል ግን ነውር ነው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። ማሽኑ ከተሰቀለ ወዲህ በቀን ያንን ክፍል ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ከማሽኑ አዙረው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ይመር ንግግር ይችሉበታል። ከአጥሩ ታሪክ ጀመሩ፣ ወደ አባታቸው ሄዱ፣ ከአባታቸው ፀሐይ ወደሚሞቁባት መደብ መጡ። እማማ ፋጤ መጀመሪያ ላይ በየመሐሉ ያስሉ ነበር፤ ጋሼ ይመር ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቀው ይቀጥላሉ። ቀስ በቀስ መጠበቁ ቀረ። ወደ ጉዳታቸው ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ «እኔ በበኩሌ ይህን ውርጭ…» አሉ። እትዬ ሐዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። እንዳየኋት የመካነ ሰላም ሽማግሌ በሙሉ ቢመጣ የሚያሸንፋት አልነበረም።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። እማማ ፋጤ ግድግዳውን ተደግፈው ተኝተዋል። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፣ ደረታቸው ይወጣል ይወርዳል። ሳል የለም፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የለም። እንደዚያ ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም፤ እሷም ከመጣች ጀምሮ አላየችም።

እጅጌዋን መልሳ እስከ አንጓዋ ዘረጋችው። ተቀመጠች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ይመር፣ ድምፅህን ቀንስ» አሉ ሼህ እንድሪስ።

ጋሼ ይመር የቀረውን ክሳቸውን በሹክሹክታ ለመጨረስ ሞከሩ። ክስ በሹክሹክታ አይሆንም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይዘልቁ ራሳቸው አፈሩና ተዉት። ሼህ እንድሪስ ወደ እትዬ ሐዋ ዘንበል ብለው «የውጭውን ሳጥን ፊቱን ወደ መንገዱ ታዞሪዋለሽ?» አሏት።

«መርሐባ» አለች በዝግታ። ያለ ክርክር እሺ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር፣ አልጠረገችውም።

ነገሩ አልቋል፤ ማንም ግን አልተነሳም። እሳቸውን ላለመቀስቀስ ነው ብለን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሙቀቱም ይዞናል። እማማ ፋጤ ሲነቁ ደንግጠው ነጠላቸውን ሳቡና «ጨረሳችሁ?» አሉ።

«አልጨረስንም» አሉ ሼህ እንድሪስ ፈርጠም ብለው። «ነገም መምጣታችን አይቀርም።»

በማግስቱም መጡ። ከዚያም መጡ። እሳት የሚጭር ሰው ቀረብኝ ብለው ያዘኑት እማማ ፋጤ ጭራሽ መተኛ አጡ። ሰፈሩ ውስጥ ጉልበቱን ብርድ የሚወጋው፣ ወገቡን የሚይዘው ሁሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይቀመጣል። እትዬ ሐዋም «በሩን ዝጉ፣ ሙቀቱን ለቅሜ ያመጣሁት ለእናንተ እንጂ ለመንገዱ አይደለም» እያለች ትቆጣለች። ጋሼ ይመር ከሁሉም ዘግይተው ነው የመጡት። በሩ ላይ ሲያመነቱ አይታ «ይግቡ ጋሼ፤ ሙቀትዎን ሊጎበኙ ነው?» አለቻቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ ሳይመልሱላት ሳቁ።

ተቺ ግን አላጣችም። «መብራት ሲጠፋስ?» ይሏታል፤ መብራቱም እውነትም ይጠፋል። «ሲጠፋ ጋቢ እንደርባለን፣ እንጠጋጋለን» ትላለች። «ጭሱ ግን መብራት ኖረም አልኖረም አይጠፋም ነበር።» ከሰል ላውሳት ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይላትም። እናቷ ያን ክረምት ተሻገሩ፣ የሚቀጥለውንም ተሻገሩ። ሳሉ ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ከሱቄ ግን አይሰማኝም ነበር።

ሄዳ የቀረችው እሷ ናት። ደም ግፊት እንዳለባት ለማንም አልተናገረችም፤ የእናቷን ሐኪም ስታሳድድ ለራሷ አንድ ቀን አልሄደችም። ግቢ ውስጥ ወደቀች፣ በዚያው ቀረች። በዚህ ጉዳይ አሁንም ይቅር አላልኳትም።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ከተቀበረች አንድ ቀን ሆኗታል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ክፍሉ ሰው ሞልቶትም ይቀዘቅዛል። እማማ ፋጤ ከማሽኑ ሥር፣ ልጃቸው ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስሜ «አብሽሩ» አልኳቸው። ጣቶቻቸው በረዶ ሆነዋል።

አንዲት ጎረቤት አዝናላቸው ነው መሰለኝ ፍም የሞላ ማንደጃ ይዛ ገባችና ከፊታቸው አስቀመጠች። ቤቱ ውስጥ እሳት ሲገባ ስንት ጊዜው! ሰው ሁሉ ሳያስበው እጁን ወደዚያ ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ።

«ይኼን አውጡልኝ» አሉ እማማ ፋጤ።

«እማማ፣ ብርዱ ይጎዳዎታል» አለች ጎረቤቲቱ። «ለዛሬ ብቻ እኮ ነው።»

«ልጄ ያወጣችውን እሳት አፈሯ ሳይደርቅ መልሼ አላስገባም። አውጡት።»

ለማን እንደታዘዘ ግራ ገብቶን ተያየን። ከበሩ አጠገብ ጋሼ ይመር ተነሱ። የጋቢያቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው ማንደጃውን አነሱትና ወጡ። ውሃ ሲፈስበት ቸስ ብሎ ሲጠፋ ሁላችንም ሰማን። ተመልሰው ገቡ፣ በሩን እሷ እንደምትፈልገው ገጥመው ዘጉትና ቦታቸው ተቀመጡ።

እማማ ፋጤ መቀነታቸውን ፈትተው ከውስጡ ሪሞቱን አወጡ። ቀና ብለው ወደ ማሽኑ አነጣጥረው ተጫኑት። ምንም የለም። ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«ሲመጣ ይመጣል» አሉ። «የበረደው ሰው ይሂድ፣ አልቀየመውም።»

ማንም አልተነሳም። ጋቢያችንን አጠበቅንና ተጠጋጋን።